ነጭ ሸማና የክረምት እርጥበት፦ በእንጦጦ ግርጌ የአንድ የቤት ውስጥ ልብስ ስፌት ክፍል ጉዳይ

ነሐሴ የሐበሻ ልብስ የሚሰፉ ሰዎች እንቅልፍ የሚያጡበት ወር ነው። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ቀሚስ ሁሉ ያኔ ይታዘዛል፤ ከሸማኔ የመጣው ጣቃ፣ ተቆርጦ ጥልፍ የሚጠብቀው፣ ተሰፍቶ ያለቀውም ልብስ በአንድ ክፍል ውስጥ ይደረደራል። የአዲስ አበባ ዝናብም የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ቤት ውስጥ በብዛት የሚከማችበትና አየሩ ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ የሚረጥብበት ወቅት አንድ ላይ ይገጥማሉ። በዓሉ መስከረም ላይ ነውና ሙያው ከዚህ ወቅት ሊሸሽ አይችልም።

የምጽፈው ከሽሮ ሜዳ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በመኖሪያ ቤታቸው አንድ ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሲሰፉ ስለኖሩት አክስቴ ነው። የገጠማቸውን ጉዳት፣ መንስኤው እንዴት እንደተለየና ምን እንደተደረገ በዝርዝር አስቀምጣለሁ። እኔ የምሠራው በሕንጻ ግንባታ ነው፤ አክስቴም የጠሩኝ ግድግዳውን እንድመለከትላቸው ነበር። የጨርቁና የግድግዳው ችግር አንድ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው።

ጉዳቱ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። በመጀመሪያ ቁም ሳጥኑ ውስጥ በተቀመጠ አንድ የፈትል ጣቃ ላይ፣ በእጥፋቱ መስመር ተከትለው የተሰለፉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ታዩ። ነጥቦቹ ወደ ግድግዳው በዞረው ጎን እንጂ ወደ በሩ በዞረው ጎን አልነበሩም። ቀጥሎ ተሰፍተው፣ ተተኩሰውና በላስቲክ ተጠቅልለው ባለቤቶቻቸውን ሲጠብቁ ከቆዩ ቀሚሶች ውስጥ ሁለቱ ሲከፈቱ የሻጋታ ሽታ ወጣቸው። እስፒል ተሰክቶበት ያደረ ጨርቅ ቡናማ የዝገት ነጥብ ያዘ። የጥለቱ ወርቃማ ክር መደብዘዝ ጀመረ። የእግር መኪናው የቆዳ ቺንጋ እየላላ ጎማውን መሳት አበዛ፤ ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣልና። አክስቴ ቺንጋውን አሳጥረው አሰሩት፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ከልክ በላይ ጠበቀ።

እነዚህን ምልክቶች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የሚሰጣቸውም ምክንያት አንድ ነው። አክስቴም እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ዝናቡ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ? አገር ሁሉ ረጥቦ የእኔ ቤት ብቻ እንዴት ይደርቃል?» እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ይህ ሐሳብ ሰውን እጅ አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርጋል፤ ከዚያም የባሰው መስኮት ያዘጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ባለ ቤት ውስጥ ጨርቅ የሚያሻግተው ውሃ አብዛኛው ከሰማይ በቀጥታ የመጣ አይደለም። ቤቱ ራሱ የሚያመርተውና በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ የሚያጠራቅመው ነው።

ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ነው፤ 30 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል ማለት ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ከኮርኒስ በላይ ቆርቆሮ ነው። በአንድ በኩል በረንዳውን የሚያይ መስኮት አለው፤ በሌላ በኩል ወደ ማድ ቤቱ የሚያገባ በር። የኋላው ግድግዳ ወደ ዳገቱ የዞረ ሲሆን ከውጭ በኩል አፈር እስከ ጉልበት ድረስ ተደግፎበታል። ቁም ሳጥኑ የቆመው በዚሁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው። ካውያው የሚሠራበት ጠረጴዛ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ነበር። በዝናብ ቀን የማይደርቀው የቤተሰቡ ልብስ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ ይሰጣ ነበር፤ ከቤቱ ሁሉ ሰፊው ቦታ እሱ ነውና።

እኔ ከመድረሴ በፊት የተሞከሩት መፍትሔዎች ጥቂት አልነበሩም። ናፍታሊን ተደርጓል፤ እሱ ብልን ያርቅ ይሆናል እንጂ እርጥበትን አይቀንስም። በሳህን ጨው ተቀምጧል። የገበታ ጨው ከአየር ውሃ መሳብ የሚጀምረው አንጻራዊ እርጥበቱ ከ75 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በታች ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጨርቅ ደግሞ 75 በመቶ ላይ ቆይቶ በሰላም አይከርምም። የግድግዳው የታችኛው ክፍል ውሃ እንዳያሳልፍ በሚል በዘይት ቀለም ተቀብቷል። በዚህም ከመሬት በግድግዳው ውስጥ የሚሳበው ውሃ በታች መውጫ አጣና ከቀለሙ በላይ ድረስ ወጣ፤ ቀለሙም እያበጠ ተላጠ።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ ከሰሉ ነው። ክፍሉን ለማድረቅ ማታ ማታ የጋመ ፍም በምድጃ ይገባ ነበር፤ በርና መስኮት ተዘግቶ። «ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የማስገባው» ይሉ ነበር አክስቴ፣ ብዙ እናቶች እንደሚሉት። ጭሱ ማለቁ አደጋው ማለቁን አያሳይም። የቀላ ፍም ቀለምም ሽታም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ክፍሉ በተዘጋ መጠንም ይጠራቀማል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው ብርድ መታኝ ብሎ ይተኛል፤ ብዙዎችም ከዚያ እንቅልፍ አልተነሡም። ለጨርቅ ማድረቂያ ብሎ ፍም ማስገባት በዚያው ማታ ቆመ። ከዚህ ጉዳይ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህንን እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። የጋዝ ምድጃም ማሞቂያ እንዲሆን አልመክርም፤ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ሊትር የማያንስ ውሃ በእንፋሎት መልክ ወደ ክፍሉ ይለቃልና፣ የምናባርረውን እርጥበት መልሶ ያስገባል።

ከዚያ ወደ መለካት ገባን። ርካሽ የሆኑ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያዎች ከአምስት በመቶ በላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከመተማመን በፊት መፈተን ይገባቸዋል። ፈተናው ቀላል ነው። በጠርሙስ ክዳን ጨው ይሞላና ጥቂት የውሃ ጠብታ ተጨምሮበት እንደ ሊጥ ይሆናል፤ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ላስቲክ ተዘግቶ ያድራል። በላስቲኩ ውስጥ ያለው አየር 75 በመቶ ላይ ይረጋል፤ መለኪያው ሌላ ቁጥር ካሳየ ልዩነቱን መዝግቦ እየደመሩ ወይም እየቀነሱ መጠቀም ነው። ለማድረቂያ የማይሆነው ጨው ለመፈተኛ እንዲህ ይታመናል።

መለኪያዎቹን አንዱን በክፍሉ መሐል፣ አንዱን በቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ አንዱን በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መካከል አስቀመጥን። መሐሉ ላይ ያለው ወደ 70 በመቶ ሲያነብ ከጀርባ ያለው ከ85 በላይ አነበበ። ይህ ልዩነት የጉዳዩ ቁልፍ ነው። አንጻራዊ እርጥበት ማለት አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከመው ከሚችለው ውሃ ውስጥ ስንቱን እንደያዘ የሚናገር ቁጥር ነው፤ አየር ሲቀዘቅዝ አቅሙ ያንሳል። በ18 ዲግሪ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር ቢበዛ 15.4 ግራም ውሃ ይሸከማል፤ 70 በመቶ ማለት 10.8 ግራም ነው። ያው አየር 14 ዲግሪ ከሆነ ግድግዳ ጋር ሲነካካ ግን የመሸከም አቅሙ ወደ 12.1 ግራም ይወርድና ያው 10.8 ግራም 89 በመቶ ይሆናል። ሻጋታ በአንድ ገጽ ላይ እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ በደንብ ያድጋል። ስለዚህ ክፍሉ «ደህና» እያለ ጣቃው በግድግዳው በኩል ይሻግታል። ጥቁሮቹ ነጥቦች ለምን በአንድ ጎን ብቻ እንደሆኑም ከዚህ ገባን።

አሁን ስለ ውጭው አየር። አክስቴ መስኮት የማይከፍቱት ሁለት ምክንያት ይዘው ነው፦ ብርድ ይመታል፣ ደግሞም የውጭው አየር ከውስጡ የባሰ እርጥብ ነው። ልጃቸው በስልኳ የአየር ሁኔታ እየተመለከተች «ውጭ 95 በመቶ ነው» ትላቸዋለች፤ ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን በክረምት ማለዳ የአዲስ አበባ ሙቀት 11 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚያ ብርድ አየር ሙሉ ቢሞላ እንኳ የሚሸከመው 10 ግራም ብቻ ነው። 95 በመቶው 9.5 ግራም ይሆናል። ያ አየር ወደ ቤት ገብቶ 18 ዲግሪ ሲሞቅ 62 በመቶ ላይ ይወርዳል። 95 ተብሎ የተፈራው አየር ቤት ውስጥ ካለው የደረቀ ነው ማለት ነው። ይህ ስሌት ለጅቡቲ ወይም ለምጽዋ አይሠራም፤ እዚያ የውጭው አየር ሞቃትም እርጥብም ነውና መስኮት መክፈት ውሃ ማስገባት ነው። በደጋ ከተማ ግን ብርዱ ራሱ ወዳጅ ነው።

ታዲያ ክፍሉን ከ62 ወደ 70ና ከዚያ በላይ የሚያወጣው ውሃ ከየት መጣ? ዋናው ከካውያው ነው። የእንፋሎት ካውያው ታንክ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ያ ሁሉ በእንፋሎት ወጥቶ በ30 ሜትር ኪዩብ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ 10 ግራም ይደርሰዋል። ቀድሞ የነበረው 10.8 ሲጨመርበት ከ20 ግራም ያልፋል፤ አየሩ የሚችለው 15.4 ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትርፉ የሚሄድበት ግድግዳ፣ መስታወትና ጨርቅ ብቻ ነው። በነሐሴ ደግሞ ታንኩ በቀን ደጋግሞ ይሞላል። በገመድ የሚሰጣው ልብስ ሲጨመር፣ ከማድ ቤቱ በተከፈተ በር የሚገባው የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት ሲጨመር፣ ሰውም በትንፋሹና በላቡ በሰዓት አርባና ሃምሳ ግራም እንደሚለቅ ሲታሰብ፣ ዝናብ ባይዘንብም ይህ ክፍል ይረጥብ ነበር።

ግድግዳውንም ለብቻው መጠየቅ ነበረብን። ሁለት ቁራጭ ላስቲክ አራቱም ጠርዛቸው በፕላስተር ተለጥፎ፣ አንዱ በግድግዳው ታች አንዱ በላዩ፣ ጥቂት ቀን ቆዩ። ጠብታው ከላስቲኩ በታች፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ይመጣል፤ ከላስቲኩ ፊት፣ በክፍሉ በኩል ከታየ ግን የክፍሉ አየር በቅዝቃዜ ያላበው ነው። የታችኛው ላስቲክ ከስሩ ረጠበ፤ የላይኛው ከፊቱ አላበው። ሁለት የተለያዩ ችግሮች በአንድ ግድግዳ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። አንዱን ብቻ ይዞ ገንዘብ ማፍሰስ በዚህ ከተማ በብዙ ቤት የማየው ነገር ነው፤ ያሳዝነኛል፤ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የድሃ ገንዘብ ነውና።

በላስቲክ የተጠቀለሉት ቀሚሶች ግን ከግድግዳው ጋር ምንም አልነበራቸውም፤ የተሰቀሉት በበሩ በኩል ነበር። እዚህ ላይ የጥጥን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። ጥጥ በ65 በመቶ እርጥበት አየር ውስጥ የደረቅ ክብደቱን ስምንት በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይኖራል፤ አየሩ ወደ 90 ሲቃረብ የሚይዘው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ፖሊስተር ግን ከግማሽ በመቶም አይደርስም፤ ለዚህ ነው የሽፎን ቀሚስ በዚያው ክፍል ውስጥ ደህና ሆኖ የፈትሉ የሚበላሸው። አሁን አንድ ኪሎ የሚመዝን ቀሚስና ነጠላ በእንፋሎት ተተኩሶ ገና ሳይበርድ በላስቲክ ይገባል እንበል። ጨርቁ ከመቶ ግራም በላይ ውሃ ይዟል፤ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ሃያ ሊትር አየር ግን በ18 ዲግሪ ቢበዛ 0.3 ግራም ቢይዝ ነው። ስለዚህ በላስቲኩ ውስጥ የሚገዛው ጨርቁ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከገባ አየሩን እርጥብ አድርጎ ያኖረዋል፤ ሳምንት ቢቆይ አይደርቅም። ከጫማ ካርቶን የተገኘች አምስት ግራም የማድረቂያ ከረጢትም ለዚያ ሁሉ ውሃ ምንም አትፈይድም። በውስጥ በኩል ያለው ማጠንከሪያ ስታርች ካለው ደግሞ ለሻጋታው ቀለብ ነው።

ሥራው የተጀመረው ከውጭ ነው። ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ በቀን ሠራተኞች እጅ ግድግዳውን የተደገፈው አፈር ተነሥቶ፣ ከወለሉ ዝቅ ብሎ የሚፈስ ቦይ ተቆፈረ፤ ጠጠርም ተሞላበት። አሸንዳው ዘምሞ ውሃውን በግድግዳው እግር ላይ ይጥል ነበርና ተቃናና ውሃው ወደ ቦዩ እንዲወርድ ተደረገ። ከውስጥ የዘይት ቀለሙ እስከ ልስኑ ተፋቀ፤ ግድግዳው እንዲተነፍስ ባዶውን ተተወ። መልኩ አያምርም። አክስቴ እንግዳ ሲመጣ ያፍሩበት ነበር፤ ቢሆንም ታገሡኝ።

የክፍሉ አቀማመጥ ተቀየረ። ቁም ሳጥኑ ከኋላው ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤቱ በሚያዋስነው ግድግዳ ሄደ፤ ያ የውስጥ ግድግዳ ስለሆነ አይቀዘቅዝም። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ተራቀ፤ ከስሩ ጣውላ ገባለት፤ አየር እንዲዘዋወር በጀርባው ከላይና ከታች ቀዳዳ ተበሳ። መደርደሪያዎቹም ሳንቃ ነበሩ፤ በርብራብ እንጨት ተተኩ። ጣቃዎች ተጨናንቀው እንዳይከመሩ ከፊሉ በረጅም ሣጥን ተከፈለ።

ካውያው ወደ በረንዳው ወጣ። ይህን ለማስፈጸም ነበር ብዙ መለማመጥ የጠየቀኝ። አክስቴ ከሙቅ ካውያ ወደ ብርድ ወጥቶ መሥራት ያሳምማል ይላሉ፤ እድሜያቸውንም ሳስብ አልፈርድባቸውም። በመጨረሻ በረንዳው በነፋስ በኩል በሸራ ተጋረደ፤ ብርቱ ዝናብ ባለ ቀን ደግሞ ካውያው ክፍሉ ውስጥ መስኮቱ ሥር ይሠራል፤ መስኮቱና በሩ ትይዩ ተከፍተው፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ሩብ ሰዓት ያህል ክፍት ሆነው። በዚያ ጊዜ እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ሳሎን ይቀመጣሉ። ማለዳም እንዲሁ ይከፈታል። ግድግዳው ሙቀቱን ሳያጣ አየሩ ብቻ እንዲለወጥ አጭርና ሰፊ አድርጎ መክፈት ይሻላል፤ ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው ግድግዳውን ያቀዘቅዘዋል። የማድ ቤቱ በር እንጀራ ሲጋገር ይዘጋል፤ የማድ ቤቱ መስኮት ይከፈታል። ልብስ ማስጫ ገመዱ ከክፍሉ ወጣ።

ስለ ላስቲኩ የወጣው ደንብ አንድ ነው፦ የተተኮሰ ልብስ ቢያንስ አንድ ሌሊት በነፋሻ ቦታ ሳይሰቀል አይሸፈንም፤ ሲሸፈንም በአቡጀዴ ነው። ላስቲክ የሚገባው ደንበኛዋ ይዛው ስትሄድ ብቻ ነው። እስፒል ማታ ማታ ሁሉም ከጨርቁ ይነቀላል። መርፌዎች፣ ወርቃማው ክርና ወርቀዘቦው ክዳኑ በሚገጥም ሣጥን ውስጥ ከማድረቂያ ሲሊካ ጄል ጋር ተቀመጡ። ሲሊካ ጄል እንዲህ ላለ ትንሽና ዝግ ቦታ ጥሩ ነው፤ ለክፍል ግን አይሆንም። ግማሽ ኪሎው መቶ ግራም ያህል ውሃ ጠጥቶ ይጠግባል፤ ካውያው ያን በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሰዋል። ሲጠግብ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ፈርኖ ይደርቅና እንደገና ይሠራል። ሰማያዊ ሆኖ ሲጠግብ ወደ ሮዝ የሚለወጠው ዓይነት ኮባልት ስላለበት ምግብ በሚሠራበት ምጣድ ወይም ፈርኖ ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ብርቱካናማው ይመረጣል።

ዘመዶች ከውጭ አገር የእርጥበት መምጠጫ ማሽን እንላክ ብለው ነበር። አልገፋሁበትም። የተለመደው ዓይነት ማሽን አየርን አቀዝቅዞ ውሃውን በማንጠብጠብ ነው የሚሠራው፤ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው በቀን ይህን ያህል ሊትር የሚለው ቁጥርም ብዙ ጊዜ በ30 ዲግሪና በ80 በመቶ የተለካ ነው። በ16 እና በ17 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ከዚያ እጅግ ያነሰ ያወጣል፤ መብራት ሲጠፋም ይቆማል። የመስኮት አየር ከእሱ ይልቅ ቀድሞ የሚሞከር ነው፤ ዋጋም አይጠይቅም። ቤቱ ጋምቤላ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር።

በቁም ሳጥን ውስጥ አምፖል አብርቶ የማሞቅ ዘዴም ተነሥቶ ነበር። ስሌቱ ልክ ነው፤ ሦስት ዲግሪ መጨመር 75 በመቶን ወደ 63 ያወርዳል። ነገር ግን የጋለ አምፖልና ነጭ ጥጥ በአንድ ሣጥን ውስጥ እንዲያድሩ አልፈቀድኩም።

በዚያው ክረምት ለውጡ የታየው በመለኪያው ላይ ነው። መሐሉ ከ60 ብዙም የማይርቅ ሆነ፤ ካውያ በሚሠራበት ሰዓት ይወጣል፤ ከተከፈተ በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። በቁም ሳጥኑ ውስጥ ከ65 በታች እንዲቆይ ነበር የወሰንነው፤ ከጥቂት ከባድ ዝናብ ቀናት በቀር ቆየ። በቀጣዩ ክረምት ጣቃዎቹ ንጹሕ ሆነው ወጡ። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ኮርኒሱን ነክቶ የተቀመጠ አንድ ጥቅል ብቻ ጠርዙ ተበላሸ። ሌሊት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ከስሩ ያልበዋል፤ ጠብታውም በኮርኒሱ ስፌት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በቁም ሳጥኑ አናት ላይ ምንም አይቀመጥም።

የተበላሸው ጨርቅ እንዴት ሆነ ለሚለኝ፦ የሻገተው መጀመሪያ ከቤት ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ደረቀ፤ ከዚያ ውጭ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ በለስላሳ ብሩሽ ተራገፈ፤ ታጠበ። እርጥቡን ማሸት ሻጋታውን ወደ ፈትሉ ውስጥ ያስገባዋል። ሽታው ለቀቀ፤ ጥቁሩ ነጥብ ግን ከፊሉ አልለቀቀም፤ ያ ጨርቅ ለገበር ዋለ። ዝገቱ በሎሚና በጨው ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ቆይቶ በብዙ ውሃ ሲታጠብ ለቋል። በረኪና በዝገት ላይ ፈጽሞ አይሆንም፤ ዝገቱን ያጸናዋል፤ የጥለቱንም ቀለም ይበላል። ለሁለቱ ቀሚሶች ባለቤቶች አክስቴ አዲስ ሰፍተው ሰጡ፤ ፈትሉን ከገዛ ኪሳቸው። ሙያቸውን የሚያከብሩት እንዲህ ነው።

በጋ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። በታኅሣሥና በጥር ከሰዓት በኋላ አየሩ እጅግ ይደርቃል፤ ፖሊስተሩ ገላ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል፤ የጥጥ ክርም መበጠስ ያበዛል፤ ጥጥ ሲደርቅ ይደክማል እንጂ አይጠነክርምና። ለዚያ በማግስቱ የሚሠራበት ክር ክዳን ባለው ሣጥን ከተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጋር፣ ሳይነካካ፣ ማደሩ ይበቃል። ወደ በረንዳው የወጣው ካውያም በበጋ ወደ ክፍሉ ቢመለስ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ይረዳል።

የቀረው የኋላው ግድግዳ ነው። የታችኛው ክፍል ዛሬም ሲዳሰስ ይቀዘቅዛል፤ ላስቲኩን ስንለጥፍበት ከስሩ የሚታየው ጤዛ ከበፊቱ ያነሰ ቢሆንም አልጠፋም። ለዓመታት ውሃ የጠጣ ብሎኬት በአንድ በጋ አይደርቅም። የሲሚንቶው ልስን እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ተፈንቅሎ በኖራ እንዲለሰን ተስማምተናል፤ ኖራ ውሃውን አፍኖ ከማስቀረት ይልቅ ወደ አየር ይለቀዋል። ሥራው ከጥምቀት በኋላ፣ ትእዛዝ ሲቀንስና ፀሐይ ስትጠና ይጀመራል። እስከዚያ በዚያ ግድግዳ በኩል የስፌት መኪናው ብቻ ይቆማል፤ እሱም ክንድ ያህል ርቆ፣ ማታ ማታ በዘይት በተነካ ጨርቅ እየተጠረገ።